በድንጋይ የተጻፈ ሕግ፣ በጭቃ የታተመ ፍርድ



በዛሬው ንግግራችን ስለ ጥንታዊት ባቢሎን ሕግ ጥቂት እናወሳለን።

ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1792 እስከ 1750 ዓመት ግድም የነገሠው ሐሙራቢ ሕጉን ያስቀረጸበት፣ ቁመቱ ከሁለት ሜትር የሚበልጥ ጥቁር ድንጋይ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1901 እስከ 1902 ባለው ጊዜ በፋርስ አገር በሱሳ ተቆፍሮ ተገኘ። አሁን በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር ይገኛል። የተጻፈበት አካድኛ ለግዕዝ ዘመድ ነው፤ ዳኛን «ደያኑም» ሲል ግዕዛችን «ደያኒ» ይላል።

ይሁን እንጂ ሕጉ በሰው ኑሮ ውስጥ እንዴት እንደ ሠራ ድንጋዩ ብቻውን አይነግረንም። ይህን የሚያስረዱን ከፍርስራሹ የወጡት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የጭቃ ሰሌዳዎች ናቸው፤ ሽያጭ፣ ብድር፣ ጋብቻና ክርክር ተጽፎባቸዋል። የሚያስደንቀውም ዳኞቹ የድንጋዩን አንቀጽ እየጠቀሱ አለመፍረዳቸው ነው። ስለሆነም ድንጋዩ የዳኞች መመሪያ ነበረን ወይስ የንጉሡ ፍትሕ መታሰቢያ እያሉ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ድንጋዩና ጭቃው የሚስማሙበት ነገር ግን አለ፤ ይኸውም የጽሑፍ ክብር ነው። ውል የተጻፈበት ሰሌዳ በሌላ ጭቃ ይሸፈንና ያው ቃል በሽፋኑ ላይ ተደግሞ ይጻፋል፤ ማኅተምም ያርፍበታል። ክርክር የተነሣ እንደ ሆነ ሽፋኑ ተሰብሮ የውስጡ ይነበባል፤ የውጩን የለወጠ ሰው ያን ጊዜ ይጋለጣል። በሕጉም ያለ ምስክርና ያለ ውል አደራ የሰጠ ሰው ቢካድ ክስ የለውም።

ማኅተሙ ዳኛውንም ያስር ነበር። በ5ኛው አንቀጽ፣ ፍርዱን በማኅተም አጽንቶ ኋላ የለወጠ ዳኛ የነገሩን ዕዳ 12 እጥፍ ይከፍላል፤ ከወንበሩም ተነሥቶ ዳግመኛ ከዳኞች ጋር አይቀመጥም።

ንጉሡ በላርሳ አውራጃ የመሬት ሹም ለነበረው ለሻማሽ ሐዚር የላካቸው ደብዳቤዎችም ተገኝተዋል። መሬቴን ተወሰድሁ ብሎ አቤት የሚል ሰው ሲመጣ ንጉሡ ነገሩ እንዲመረመርና እውነት ሆኖ ቢገኝ መሬቱ እንዲመለስለት ያዝዝ ነበር።

አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ብለዋል። መዝገብ የምንይዝና ማኅተም የምናሳርፍ ሁሉ፣ በእጃችን ያለው ወረቀት የአንድ ባለጉዳይ ርስት ወይም ዕንጀራ መሆኑን እናስብ። ያ አቤት ባይ ከሞተ 3,700 ዓመት አልፎታል፤ ጉዳዩ ግን በጭቃው ላይ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ደኅና እደሩ።