መሰናዶ ያልገባ ሰው ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት መንገድ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ግብዓት አቅርቦት እንድናገር ጋብዞኝ ነበር። ይሁን እንጂ ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ከእኔ በፊት የቀረቡት ኃላፊ በሰፊው ስላብራሩት፣ ኮሚቴውን አስፈቅጄ ሌላ ጉዳይ ይዤ ቀርቤአለሁ። ጉዳዩ በየመጋዘናችን ደጅ ተቀምጦ የምናየው ወጣት ጉዳይ ነው። የእኔም የራሴ ጉዳይ ነው።

ሁላችሁም እንደምታውቁት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተፈተኑት ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶው 3.3 ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። እየጨመረ መምጣቱ መልካም ነው። ሆኖም ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና የሚበልጠው መግቢያውን አላገኘም ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል የተወሰኑት በሪሚዲያል ፕሮግራም ሌላ ዕድል አግኝተዋል። የቀሩት ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ ቤታቸው ደግሞ የእናንተ ቤት ነው።

ልጁ ሲመለስ ቤተሰቡ ሁለት ነገር ያስባል። አንደኛው "አለቀለት" የሚለው ነው። ሁለተኛው "ገንዘብ ከፍለን የሆነ ኮሌጅ እናስገባው" የሚለው ነው። ሁለቱም ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው የበለጠ ያከስራል።

እኔ በ2006 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ፈተና ስወስድ ያመጣሁት ነጥብ ለመሰናዶ አልበቃም። በዚያን ጊዜ ፈተናው በ10ኛ ክፍል ነበርና፣ ያልበቃን ልጆች 11 እና 12 ሳንማር ወደ ቴክኒክና ሙያ ተመደብን። እኔ ግብርና ኮሌጅ ገባሁ፣ በዕፅዋት ሳይንስ በደረጃ 4 ዲፕሎማ ተመርቄ ልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆንኩ። ስለዚህ እስከ ዛሬ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚባለውን ወረቀት አይቼው አላውቅም። አባቴ ለጎረቤት "ልጄ መንግሥት ሠራተኛ ነው" ይል ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የገቡት የእኩዮቼ አባቶች ሲመጡ ግን ወሬ ይቀይራል።

ከዚህ በኋላ ዲግሪ መማር እችላለሁ ወይ ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። መልሱ ይቻላል የሚል ነው፤ መንገዱም አዲስ አይደለም። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ጃፓናዊው ሪዮይቺ ሳሳካዋና በስንዴ ምርምራቸው የኖቤል ሽልማት ያገኙት ኖርማን ቦርሎግ ያቋቋሙት ድርጅት በ1985 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቶ ነበር። በዕድሜ የገፋችሁት "ግሎባል" እያላችሁ የምትጠሩት ነው፤ የግማሽ ሄክታር ሠርቶ ማሳያውን አትረሱትም። ይኸው ድርጅት በማሳ ላይ የሚሠሩት የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ዕውቀታቸው ባለበት እንደቆመ ስለተገነዘበ፣ በመጀመሪያ በጋና ኬፕ ኮስት ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም በ1989 ዓ.ም. በእኛው ዓለማያ፣ በዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ በሥራ ላይ ላሉ ሠራተኞች የዲግሪ ትምህርት እንዲከፈት አደረገ። የሚገቡት ከትምህርት ቤት የመጡ ወጣቶች ሳይሆኑ ዲፕሎማና የመስክ ልምድ ያላቸው፣ ልጆች ያሳደጉ፣ ፀጉራቸው የሸበተም ጭምር ነበሩ።

በዚህ ትምህርት ውስጥ እኔ በጣም የምወደው ነገር አለ። ተማሪው የክፍል ትምህርቱን ከተማረ በኋላ ወደሚሠራበት ወረዳ ይመለሳል። እዚያ ከአርሶ አደሮች ጋር ተቀምጦ ችግር ይለያል፣ ለወራት ፕሮጀክት ይሠራል፤ መምህሩም ማሳው ድረስ መጥቶ ያየዋል። ሠርቶ ያየውን ጽፎ ካላቀረበ አይመረቅም። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ዩኒቨርሲቲው እነዚህን ሰዎች የተቀበለው አዝኖላቸው አይደለም። የ12ኛ ክፍል ልጅ የማያውቀውን ስለሚያውቁ ነው፤ ያንን ዕውቀትም ደግሞ ፈትኖታል።

በሌላ አገርም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1961 ዓ.ም. የተቋቋመው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲቀበል የትምህርት ቤት ውጤት አይጠይቅም። እንዲቋቋም የታገሉት ሚኒስትር ጄኒ ሊ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጅ ነበሩ። መግባቱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ፈተናውን ሳያልፍ የሚመረቅ ግን የለም።

ወደ እኛ ልመለስ። በአገራችን ደረጃ 4 የጨረሰ ሰው ለዲግሪ ሲያመለክት ከማስረጃው ጋር የብቃት ምዘና፣ ሁላችን ሲኦሲ የምንለውን፣ ብቁ የተባለበትን ሰርተፍኬት ይጠየቃል። የሥራ ልምድና የመግቢያ ፈተና የሚጠየቅበት ጊዜም አለ። መመሪያው ስለሚለዋወጥ የጎረቤት ልጅ የዛሬ አምስት ዓመት በገባበት አትሂዱ፤ የምትመዘገቡበትን ዓመት መመሪያ በጽሑፍ ጠይቁ።

ሲኦሲን ያነሣሁት ራሴ ስለወደቅሁበት ነው። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ሲሆን፣ መዛኙ ያሠለጠነህ መምህር አይደለም፤ ከውጭ የሚመጣ ነው። ጽሑፉን አለፍኩ። በተግባሩ መዛኙ የጀርባ መርጫ መሣሪያ ሰጥተውኝ "ለሄክታር ስንት ሊትር ውኃ እንደሚረጭ ለክተህ አሳየኝ" አሉኝ። በተማርኩበት ኮሌጅ አንድ መርጫ ለአርባ ተማሪ ነበርና እኔ ሌላው ሲይዝ ከማየት በቀር ጨብጬው አላውቅም። ማሰሪያውን እንኳ ገልብጬ አጠለቅሁት። "ገና ብቁ አይደለም" ተባልኩ።

ማፈሬን አልደብቅም። በዲፕሎማ ተመርቄ የተመደብኩበት ቀበሌ ሄጄ፣ አርሶ አደር ሰብስቤ ስለ አረም መድኃኒት ሳስተምር ልቤ ይመታ ነበር። አንድ ቀን አንድ አባት፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ፣ ስማቸውን እንዳልጠራ አስጠንቅቀውኛል፣ ከስብሰባው በኋላ ጠርተው "የኔ ልጅ፣ ይህን ነገር በእጅህ ነክተኸው ታውቃለህ?" አሉኝ። "ጋሼ፣ አላውቅም" አልኳቸው። አልሳቁብኝም። በመጫኛ 10 ሜትር በ10 ሜትር ለክተው አሰመሩ። በባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ንጹሕ ውኃ ሞልተን መርጫው ውስጥ ጨመርን። በእግሬ ልክ እየተራመድኩ ካሬውን ረጨሁና የቀረውን መልሰን ብንለካው 3 ሊትር ሆነ። 100 ካሬ ሜትር 2 ሊትር ከጨረሰ፣ ሄክታሩ 200 ሊትር ይፈልጋል። መድኃኒቱ በሄክታር 1 ሊትር ከሆነ ባለ 16 ሊትር መርጫ በአንድ ሙሌት 80 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል። እሳቸው ይህን የተማሩት ቀደም ሲል ከተሰጠ ሥልጠና ሲሆን፣ ማስታወሻ ሳይዙ በቃላቸው ያስታውሱት ነበር።

በሁለተኛው ምዘና ብቁ ተባልኩ። ስለዚህ ለዲግሪ የማቀርበው ሰርተፍኬት ግማሹ የዚህ ማኅበር አባል ማሳ ላይ የተገኘ ነው።

አሁን ወደ ሚያከስረው መንገድ ልምጣ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደረጃ 4 ጨርሶ ሲኦሲ ሳይወስድ በአንድ የግል ኮሌጅ ለዲግሪ ተመዘገበ። መዝጋቢው "ተማር፣ ሲኦሲውን በኋላ ታመጣለህ" አለው። ከደመወዙ እየቆረጠ ከፈለ፣ ቅዳሜና እሁድ ወደ ከተማ ተመላለሰ፣ ተመረቀ፣ በግ ታረደ። ለደረጃ ዕድገት ማስረጃው ሲጣራ ግን የሲኦሲው ቀን ከምዝገባው ቀን በኋላ ሆኖ ተገኘ። ሲገባ የመግቢያ መስፈርቱን ስላላሟላ ዲግሪው ተቀባይነት አጣ። ትምህርቱን ግን በሚገባ ተምሮ ነበር፤ ጎበዝ ሠራተኛ ነው። የጎደለው አንድ ቀን ነው። ዛሬም ፎቶግራፉ ከእነ ጋወኑ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ እንግዳ ሲመጣ ግን አያሳይም።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት ኮሌጁ ዕውቅና አለው ወይ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። ዕውቅና የሚሰጠው ለትምህርት ዘርፉ፣ ለሚሰጥበት ግቢና ለመደበኛው፣ ለማታው ወይም ለርቀቱ ለየብቻው ነው። ሕንፃው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሒሳብ ሥራን የሚመለከት ሆኖ ልጃችሁ የሚማረው ግብርና ሊሆን ይችላል። ዘርፉን፣ ግቢውንና የትምህርቱን ዓይነት ጠቅሳችሁ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ።

ከዚህ በመቀጠል ሁለት ጥያቄ አለኝ፤ አንዱ ለዩኒየኑና ለመሠረታዊ ማኅበራት፣ አንዱ ለኃላፊዎች ነው። ገንዘብ አልጠይቅም፤ ቢያንስ ዛሬ አልጠይቅም።

ከኅብረት ሥራ መርሖዎች አምስተኛው ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ የሚለው ነው። በየጠቅላላ ጉባኤው ይነበባል። በየማኅበራችን ግን ሒሳብ የሚሠሩ፣ መጋዘን የሚጠብቁ፣ ወፍጮ የሚያንቀሳቅሱ፣ ደረጃ 3 እና ደረጃ 4 ያላቸው ልጆች አሉ። ከእነዚህ አንዲቱ አራት ዓመት ሒሳብ ሠርታ የሥራ ልምድ ብትጠይቅ ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ "ጎበዝ ልጅ ናት" ተብሎ ተጻፈላት። ምስክርነቱ እውነት ነው፤ ወረቀቱ ግን አይሠራም። የሥራ ልምድ ሲጻፍ የሥራ መደቡ፣ የተቀጠረችበትና እስከ መቼ የሠራችበት ቀን፣ ወርና ዓመት፣ የደመወዟ መጠን፣ ግብር መከፈሉ፣ የደብዳቤው ቁጥር፣ ፊርማና ማኅተም ይኑርበት። ኮፒውም ከማኅደሯ ጋር ይቀመጥ። ሰብሳቢው ሲቀየር አዲሱ "እኔ አላውቃትም" እንዳይል ነው። ዩኒየኑ አንድ ናሙና ቅጽ አዘጋጅቶ ለመሠረታዊ ማኅበራቱ ቢበትን በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው።

ለኃላፊዎች ያለኝ ጥያቄ ስለ ክረምት ነው። በሥራ ላይ ላለ ሰው የሚመቸው አንዱ የክረምት ትምህርት ነው። ለመምህር ክረምት የትምህርት ቤት ዕረፍት ነው። ለእኛ ግን ዘር የሚዘራበት፣ አረም የሚታረምበት፣ የስንዴ ዋግ የሚያሰጋበት ጊዜ ነው። ሦስታችንም የቀበሌው ባለሙያዎች በአንድ ሐምሌ ትምህርት ላይ ከሆንን ዋጉን ማን ያየዋል? በዚህ ምክንያት ፈቃድ የሚከለክሉ ኃላፊዎችን አልወቅስም፤ እኔም በቦታቸው ብሆን እከለክል ነበር። ነገር ግን መፍትሔው ሁላችንንም መከልከል አይደለም። በየቀበሌው በየክረምቱ አንድ ሰው በተራ ይሂድ፣ የቀሩት የእሱን ማሳ ተከፋፍለው ይሸፍኑ። ተራው በጽሑፍ ይሁንና በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ተምሮ የሚመለሰውም ፕሮጀክቱን በዚሁ ወረዳ፣ በዚሁ ስንዴና ቢራ ገብስ ላይ እንዲሠራ ከመሄዱ በፊት ይፈርም። እኔ ለመጀመሪያው ተራ አልመዘገብም፤ ከእኔ በፊት ስምንት ዓመት የጠበቀች የእንስሳት ባለሙያ አለች። ሁለተኛው ላይ ግን ስሜን ጻፉልኝ።

በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት በቀበሌው የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል እገኛለሁ። የደረጃ 4 ማስረጃ ያለው፣ ሲኦሲ ወድቆ ድጋሚ ሊመዘን የሚፈልግ ወይም ልጁን ሊያስመዘግብ ያሰበ ሁሉ ሰነዱን ዋናውንና ኮፒውን ይዞ ይምጣ፤ ቀኖቹን አንድ በአንድ አብረን እናያለን። መርጫ መሣሪያውም እዚያው አለ፤ ጋሼም እመጣለሁ ብለውኛል። ዝናብ ከጣለ ማሳ ላይ ነን፤ እዚያው ፈልጉን።