አረጋውያንን ከአታላዮች ስለ መጠበቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈውን የአባታችንን የይስሐቅን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ይስሐቅ አርጅቶ ዓይኖቹ በፈዘዙ ጊዜ ታናሹ ልጁ የታላቁን ልብስ ለብሶ፥ እጁንና አንገቱን በጠቦት ቆዳ ሸፍኖ፥ መብል ይዞ ገባ። ሽማግሌው ተጠራጠረ፤ ጆሮው እውነቱን ነግሮት ነበርና ድምፁ የማን እንደ ሆነ ለየ። ነገር ግን እጁ የዳሰሰው ጠጕር ጆሮው የሰማውን አሸነፈው። በዚያች ሰዓት ከአጠገቡ ቆሞ «አባቴ፥ ጥቂት ይቆዩ» የሚለው ሰው አልነበረም። ታላቁ ልጅ ከአደን ሲመለስ ምርቃቱ ተሰጥቶ አልቆ ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ የእግዚአብሔር ምክር የሠራውን መምህራን በስፍራው ያስረዱናል። እኛ ዛሬ የምንወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሽማግሌ የሚታለለው አእምሮ ስለ ጐደለው ሳይሆን፥ ሌላው ተዘጋጅቶ ሲመጣበት እርሱ ብቻውን ስለሚገኝ መሆኑን ነው።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ዛሬ በአሜሪካ ይኖራሉ፤ ከእነርሱም መካከል በዚያው ሠርተው ያረጁ፥ ወይም ልጆቻቸው ያስመጧቸው አባቶችና እናቶች አሉ። በዚያ አገር ሜዲኬር የሚባል የመንግሥት የጤና መድን አለ። ሕጉን ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፈረሙት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን፥ በተለይ ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላቸውን ሰዎች ለማሳከም የቆመ ነው። ሰው ጕልበቱ ሲደክም ሐኪም እንዳያጣ የታሰበበት መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ማር ባለበት ዝንብ አይጠፋምና በዚህ መድን ዙሪያ ብዙ አታላዮች ተሰብስበዋል።

ተንኰሉ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ሐኪሙ ወይም የሕክምና ዕቃ አቅራቢው ለሰጠው አገልግሎት ሒሳቡን ለሜዲኬር ይልካል፤ ሜዲኬርም ይከፍላል። ሒሳቡ ላይ ከሚጻፈው ሁሉ ዋናው የታካሚው የካርድ ቁጥር ነው። እንግዲህ ያን ቁጥር የያዘ ክፉ ሰው ያላከመውን አከምሁ፥ ያልሰጠውን ሰጠሁ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ገንዘቡ ከሽማግሌው ኪስ ስለማይወጣ ሽማግሌው አያውቅም። ስለዚህ የካርዱ ቁጥር በጥንት ዘመን የጌታው ስም እንደ ተቀረጸበት ማኅተም ነው፤ ማኅተሙን አሳልፎ የሰጠ ሰው ባልጻፈው ደብዳቤ ላይ ስሙ ይገኛል። መንግሥትም ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የቀድሞውን ካርድ ለውጦ፥ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በነበረበት ስፍራ 11 ፊደላትና አኃዞች ያሉበትን ሌላ መለያ አኑሯል።

አታላዮቹ የሚመጡበት መልክ ብዙ ነው። አንዱ ደውሎ «ለጕልበትዎና ለወገብዎ መደገፊያ በነጻ እንልክልዎታለን» ይላል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 የአሜሪካ መንግሥት በዚህ ዓይነት ሥራ 24 ሰዎችን ሲከስ፥ የጠፋው ገንዘብ ከ1.2 ቢሊዮን ዶላር እንደሚበልጥ ገልጾ ነበር። ሌላው በአረጋውያን መሰብሰቢያ ጠረጴዛ ዘርግቶ «ካንሰር በዘርዎ እንዳለ እንመረምርልዎታለን» እያለ ጕንጭን በጥጥ ይጠርጋል፤ ቁጥሩንም ይጽፋል። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በዚህ ምርመራ ሰበብ 35 ሰዎች ተከሰዋል፤ ለሜዲኬር የቀረበውም ሒሳብ ከ2.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ደግሞ በልዩ ልዩ የጤና ማታለል የተከሰሱት 324 ሲሆኑ፥ የሐሰት ሒሳቡ ከ14.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደ ሆነ ተነግሯል። ከዚህም የሚበዛው ማንም ላልጠየቀው የሽንት ቱቦና ለመሳሰለው ዕቃ የተጻፈ ነው።

«ይህ የመንግሥት ገንዘብ ነው፤ እኔን ምን ይጐዳኛል?» የሚል ይኖር ይሆናል። በመጀመሪያ ነገር ያ ገንዘብ የሠራተኛው ላብ ነው፤ ከልጆቻችንም ደመወዝ በየወሩ የሚቈረጥ ነው። ሁለተኛም ጕዳቱ ወደ ሽማግሌው ራሱ ይመለሳል። በስሙ መደገፊያ ተወስዶበት ከሆነ በእውነት ባስፈለገው ቀን «ወስደሃል» ሊባል ይችላል። የሌለበት በሽታ በሕክምና መዝገቡ ከተጻፈበት ሐኪሙን ያሳስታል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሆስፒስ በሚባለው አገልግሎት የሚደረገው ነው። ይህ አገልግሎት ሐኪሞች ከ6 ወር የማይበልጥ ዕድሜ ቀርቶታል ብለው ያረጋገጡለትን ሕመምተኛ ሥቃዩን እያስታገሡ የሚያስታምሙበት ነው፤ ወደዚያ የገባ ሰውም ለዚያ በሽታው የሚያድነውን ሕክምና መድኑ መክፈል ያቆማል። አታላዮች ግን ሞት ያልቀረበውን ሰው «ቤትዎን የሚያጸዳና ምግብ የሚያመጣ በነጻ እንሰጥዎታለን» ብለው ያስፈርሙታል። እናት በማታነበው ቋንቋ በተጻፈ ወረቀት ላይ ለመሞት ተስማምቻለሁ ብላ እንደ ፈረመች ትቈጠራለች። ይህ ገንዘብ መስረቅ ብቻ ነውን? ዕድሜንም መስረቅ ነው እንጂ!

የእኛን አረጋውያን ደግሞ ለዚህ የሚያጋልጣቸው ክፉ ጠባይ ሳይሆን መልካም አስተዳደጋቸው ነው። የሰላምታን ቃል ሳይጨርሱ ስልክ መዝጋት ለእነርሱ ነውር ነው። ስጦታ ያመጣን ሰው መመለስ እንግዳን እንደ ማባረር ይመስላቸዋል። «ከመንግሥት ነው የምደውለው፤ ካርድዎ ሊሰረዝ ነው» የተባሉ እንደ ሆነ መንግሥትን አክብረውና ፈርተው ያደጉ ናቸውና ይደነግጣሉ። አታላዩም ይህንኑ ያውቃል። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ቋንቋችንን የሚናገር፥ «እማማ» እያለ የሚቀርብ፥ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አጥር ግቢ የሚያነጋግር የራሳችን ሰው ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለአባቶችና ለእናቶች በመጀመሪያ የምንለው ይህ ነው፤ ሜዲኬር ሳትጠሩት ደውሎ የካርድ ቁጥራችሁን አይጠይቃችሁም፤ ዕቃ ሊሸጥም ወደ ቤታችሁ አይመጣም። ይህን የሚያደርግ ቢኖር ስልኩን መዝጋት ነውር አይደለም። ካርዳችሁን ከምታውቁት ሐኪማችሁና ከመድኃኒት ቤታችሁ በቀር ለማንም አታሳዩ። «ነጻ ነው» የሚላችሁ ሰው ወዲያው ቁጥራችሁን ከጠየቀ ነጻ አለመሆኑን እወቁ። ሐኪማችሁ ያላዘዘው ዕቃ በፖስታ ቢመጣ አትቀበሉት። ያላነበባችሁትን ወይም የምታምኑት ሰው ያላነበበላችሁን ወረቀት አትፈርሙ። በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ያለው ጊዜ ሰዎች መድናቸውን የሚለውጡበት ስለ ሆነ ጥሪው ይበዛልና በዚያን ወራት እጅግ ተጠንቀቁ።

ደግሞም ሐኪም ዘንድ የሄዳችሁበትን ቀን በትንሽ ደብተር ጻፉ። ከሜዲኬር የአገልግሎት መግለጫ በፖስታ ሲመጣላችሁ ሒሳብ አይደለም ብላችሁ አትጣሉት፤ ከደብተራችሁ ጋራ አስተያዩት። ያልሄዳችሁበት ሐኪም፥ ያልተቀበላችሁት ዕቃ ተጽፎ ቢገኝ በመጀመሪያ ሐኪም ቤቱን ጠይቁ፤ ስሕተት ሊሆን ይችላልና። መልሱ ካላረካችሁ በ1-800-633-4227 ደውሉና አስተርጓሚ ጠይቃችሁ ለሜዲኬር ተናገሩ። በየስቴቱ ሲኒየር ሜዲኬር ፓትሮል የሚባል አገልግሎትም አለ፤ አረጋውያንን በዚህ ጕዳይ ያለ ዋጋ ይረዳል።

አንድ ከባድ ነገር ግን ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ጥቂት ዶላር ተቀብሎ ቁጥሩን የሚያውስ ሰው ተታለለ አይባልም፤ ተባበረ ይባላል እንጂ። እንዲህ ላለው ሥራ ወገኑን እየመለመለ ድርሻ የሚቀበልም አለ። አትስረቅ የሚለው ትእዛዝ የመንግሥትን ሣጥን ለይቶ አልተወውም። በሐሰትም አትመስክር የተባልን ሰዎች በሐሰት ሒሳብ ላይ ስማችንን ማኖር የለብንም።

ለልጆችም የምንለው አለን። አባትና እናትን ማክበር ማለት ቤት ሰጥቶ ማኖር ብቻ አይደለም። እናታችሁ ታልላ ቁጥሯን የሰጠች እንደ ሆነ «እንዴት እንዲህ ታደርጊያለሽ?» ብላችሁ አትቈጧት። በዚህ ቍጣ ምክንያት ብዙዎች «አረጀች፥ ጃጀች ይሉኛል» ብለው የደረሰባቸውን ይደብቃሉ። አታላይ የሚኖረው በዚህ ዝምታ ነው። እርሷ ዛሬ ካፈረችና ከተደበቀች ነገም በስሟ ይሰረቃል፤ ፈጥና ከተናገረች ግን ካርዱ ሊለወጥ፥ መዝገቡም ሊታረም ይችላል። ስለዚህ ሳምንት ሳያልፍ ፖስታውን አብራችሁ ክፈቱ፤ የመጣውን ደብዳቤ በቋንቋቸው አንብቡላቸው፤ ማን እንደ ደወለላቸው በትዕግሥት ጠይቋቸው። ልጅ የሌላቸውን ደግሞ የዕድራቸውና የሰንበቴ ማኅበራቸው ሰዎች በየተራ ይጐብኟቸው።

ይስሐቅ ድምፁን ለይቶ ነበር፤ የሚጠይቀው ሰው ግን አልነበረውም። የእኛም አረጋውያን ብዙ ጊዜ ይጠረጥራሉ፤ ልባቸው «ይህ ነገር ደስ አይልም» ይላቸዋል። በዚያች ሰዓት ስልኩን አኑረው የሚደውሉለት አንድ የታመነ ሰው ይኑራቸው። ያ ሰው እያንዳንዳችን እንሁን፤ እኛም በተራችን እናረጃለንና።

አረጋውያንን በጤና፥ ልጆችን በማስተዋል አምላካችን ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ አሜን።