ለመስቀል ስንሄድ የጋጋሪዋን እጅ እናስብ

(በማኅበራችን የነሐሴ ወር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ነሐሴ ሲጋመስ ከቁጠባችን ላይ «ለመስቀል መሄጃ» እየተባለ የሚወጣው ገንዘብ እንደሚበዛ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙዎቻችን ወደ ወልቂጤ፣ ወደ እንድብር፣ ወደ ቡታጅራ እንሄዳለን። ለአንዳንዶቻችን የተወለድንበት ነው፤ ለአንዳንዶቻችን በጋብቻ የገባንበት ነው፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ሰሚት ውስጥ ደረጃ የምንጋራቸው ጎረቤቶች ጋብዘውን የምንሄድ እንግዶች ነን። ስለ ገንዘቡ ሒሳብ ያዥያችን ትነግረናለች። እኛ ዛሬ የምናነሣው እዚያ ደርሰን ስለምንበላው ቆጮና ስለምትጋግረው ሴት ነው።

ከመካከላችን ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎና ሸዋ ያደግን ኮባን የምናውቀው በዳቦ ነው። ለበዓል ድፎ ዳቦ ሲደፋ ሊጡ በኮባ ይጠቀለላል፤ ከሥር እሳት ይነድበታል፣ ከላይም በክዳኑ ላይ ፍም ይደረግበታል። ዳቦው ሲወጣ ቅጠሉ ተልጦ ይጣላል፤ መዓዛው ግን ዳቦው ላይ ይቀራል። ጉራጌ፣ ሀዲያ፣ ከምባታና ሲዳማ ያደግን ደግሞ ያንኑ ተክል የምናውቀው እንሰት ብለን ነው። ለእኛ ቅጠሉ መጠቅለያ ሲሆን ግንዱና ሥሩ እንጀራችን ነው። አንዱ ቤት የሚጥለው ቅጠል የሌላው ቤት ማጀት ምልክት መሆኑን ያወቅነው በዚህ ማኅበር ተገናኝተን ቡና ስንጠጣ ነው።

እንሰት ሙዝ ይመስላል፤ የሚበላው ግን ፍሬው አይደለም። በአገራችን 20 ሚሊዮን ያህል ሰው በእርሱ ይኖራል። ዝናብ ሲዘገይ ስለሚታገሥ፣ ሌላው ሰብል በጠፋበት ዓመትም ጓሮ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። ነገር ግን ዛሬ ተተክሎ ለከርሞ አይበላም፤ እንደ አገሩ ብርድና ሙቀት አራት ዓመትም፣ ሰባት ዓመትም ሊቆይ ይችላል። የጉራጌን ኑሮ ያጠናው ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሕዝቡን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ የጠራው ያለ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ እጁ እንምጣ። መትከሉና ማዛወሩ በአብዛኛው የወንድ ሥራ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ያለው ግን የሴት ነው። ጎረቤት ሴቶች ተጠራርተው በደቦ ይፍቃሉ። የግንዱ ልባስ እየተላጠ ተጋድሞ በተቀመጠ እንጨት ላይ በቀርከሃ ስለት ይፋቃል፤ ሥሩም ይፈቀፈቃል። ከሚጨመቀው ውሃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ይሆናል፤ ለአራስና ለታመመ ሰው ገንፎ የሚሠራው ከእርሱ ነው። ቃጫው ተለይቶ ለገመድ ይሸጣል። የተፋቀው ደግሞ ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ገብቶ፣ ድንጋይ ተጭኖበት፣ ለወራት ይብላላል። እንግዳ በበዓል ቀን የሚቀምሰው ቆጮ ሥራው የተጀመረው እንግዳው ለመምጣት ሳያስብ ነው።

በበዓሉ ሳምንትም ሥራው አያልቅም። ከጉድጓድ የወጣው በጨርቅ ይጨመቃል። ቃጫ እንዳይቀርበት በቢላ ደጋግሞ ይከተፋል። ከታሸ በኋላ በኮባ ላይ ተዘርግቶ፣ ሌላ ኮባ ለብሶ፣ ምጣድ ላይ ይጣላል፤ ይገለበጣልም። ቆጮ ለብቻው ጉልበት እንጂ ብዙ ገንቢ ምግብ ስለሌለው ከአይብ፣ ከጎመንና ከክትፎ ጋር ይቀርባል። እነዚህም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሥራ አላቸው።

ባለፈው መስቀል ሰባት ሆነን ያረፍንበት ቤት ያሉት እናት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተው ሲጨምቁ ሰማናቸው። ሁለታችን ተነሥተን ጨርቁን በወዲያ በኩል ያዝንላቸው። «እናንተ እንግዳ ናችሁ፣ ቁጭ በሉ» አሉን። አልተቀመጥንም። ትንሽ ቆይተው «የሰሚት እጅ ቶሎ ይደክመዋል» ብለው ሳቁብን፤ ውሃው በደንብ መውጣቱን እንዴት እንደሚዳብሱት ግን አሳዩን። ከዚያ በኋላ እስከምንመለስ ድረስ በየሌሊቱ ሁለት ሁለት እየሆንን ተነሣን። ያንን ቆጮ በጣባ ላይ፣ በቀንድ ማንኪያ ክትፎ እየተጨመረልን ስንበላ፣ ጣዕሙ ከየት እንደመጣ እናውቅ ነበር።

ባለፈው ስብሰባ ይህን ስናነሣ አንዲት እህታችን እውነት ተናገረች። «ዓመቱን ሙሉ ከሥራ ወደ ማጀት፣ ከማጀት ወደ ሥራ ነን። ሦስት ቀን ሰው አብስሎ ቢያበላን ምን አለበት?» አለች። ምንም የለበትም። ዕረፍት ይገባናል። ነገር ግን እኛ ያረፍንበት ቀን ለባለቤቷ ከዓመቱ ሁሉ የከበደው ቀን ነው። ለእርሷ የምትሄድበት ሌላ ቤት የላትም፤ ሁሉም ወደ እርሷ ነው የሚመጣው። ሰባት ሰው በየተራ ቢረዳ ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን ጥቂት ሰዓት ነው፤ ለእርሷ ግን አንድ ሙሉ ሌሊት እንቅልፍ ነው።

ወደ ገጠሩ የምንገባባቸው መንገዶች ብዙዎቹ ታሪክ አላቸው። በ1950ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ የሚሠሩ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቋሙ። ራስ አገዝ ማለት ይህ ነው፤ ማኅበራችንም ስሙን የወሰደው ከዚህ ዓይነት ሥራ ነው። የመንገዱ ታሪክ ሲነገር መዋጮው ይቆጠራል። በመንገዱ የገባውን ሕዝብ ሁሉ በየዓመቱ የሚቀበለውን ምጣድ ግን የሚቆጥረው የለም። የቃቄ ውርድወት በ19ኛው መቶ ዘመን በዚያው አገር ስለ ሴቶች መብት ሽማግሌዎች ፊት ቆማ ተሟግታለች። እኛ ከእርሷ ያነሰ ነገር ነው የምንጠይቀው፤ የምንጠይቀውም ከራሳችን ነው።

ስለዚህ አራት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በእጃችን እንርዳ። የምንሄድ ሰዎች ከመነሣታችን በፊት ተራ እንከፋፈል፤ ማን ይጨምቃል፣ ማን ይከትፋል፣ ማን ዕቃ ያጥባል። ቢላ ይዘን ከጓሮ ወደ ጓሮ የምንገባ ከሆነ ግን እንጠንቀቅ። የእንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ በስለት ይተላለፋል። እንሰት የነካ ቢላ ሌላ እንሰት ከመንካቱ በፊት በእሳት ይለብለብ።

ሁለተኛ፣ ስጦታው ለእጇ ይድረስ። ከዘመድ ቤት በልቶ ዋጋ መጠየቅም መክፈልም ነውር ነው፤ ይህን ባህል አንነካም። ይዘን የምንሄደው ስኳርም ሆነ ቡና፣ ነጠላም ሆነ ገንዘብ ግን ብዙ ጊዜ ለአባወራው ይሰጣል። ለእርሱ የሚገባውን ክብር ሰጥተን፣ የጋጋሪዋን ለጋጋሪዋ እንስጣት። ዕቁብ ካላት ዕቁቧን እንጣልላት። ለሰሚት ይዘን የምንመለሰውን ቆጮና ቡላ ደግሞ ገበያ ከሚሸጡት ሴቶች ሳንከራከር እንግዛ።

ሦስተኛ፣ አፋችንን እንጠብቅ። ቆጮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምሱ ልጆችና እንግዶች ሽታው ሊከብዳቸው ይችላል። ማዕድ ላይ «ይሸታል» የሚል አንድ ቃል የወራት ሥራ ያፈርሳል። ልጆቻችን ከመሄዳቸው በፊት እንጀራም በእርሾ ቦክቶ እንደሚኮመጥጥ፣ ቆጮም እንዲሁ ተብላልቶ እንደሚጣፍጥ እንንገራቸው። ትንሽ ቆርሰው ይቅመሱ፤ ካልወደዱት ዝም ብለው አይቡን ይብሉ።

አራተኛ፣ እንማር። ሴት ልጆቻችን ያደጉት በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ድፎ ዳቦ ሲደፋ ያላዩ፣ ቆጮ ሲከተፍ ያልሰሙ ብዙ ናቸው። ከመስቀል መልስ በጥቅምት አንድ እሑድ በግቢያችን የጋራ መጠቀሚያ ተሰብስበን፣ ቡናው በሚፈላበት አንድ በኩል ቆጮ፣ በሌላው በኩል ድፎ ዳቦ በዚያው ኮባ እንጋግር። የሚያውቁት እናቶች ይምሩን፤ ልጆቹ ይጻፉት። ልኬቱ «በእጅ የሚታወቅ» ቢሆንም እጁን እያዩ ይጻፉት።

ሙስሊም እህቶቻችን ለአረፋ ወደዚያው አገር ትሄዳላችሁ፤ ቆጮው ያው ነው፣ ጋጋሪዋም ያችው ናት። ይህ ሐሳብ ለእናንተም ይሠራል።

የመስቀል በዓል በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ የገባው በ2006 ዓ.ም. ነው። ደመራውና ዝማሬው ዓለም የሚያውቀው ሆኗል። የጭስ ቤቱን ሥራ የሚመዘግብልን ግን እኛው ነን፤ ከበላንበት ቤት የምናውቀው እኛ ነንና።

በመጨረሻ ስብሰባው እንዲወስንልን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ለመሳፈሪያ ቁጠባ ከሚያስቀምጡ አባላት እያንዳንዳችን ከአንድ ጉዞ የመሳፈሪያ ዋጋ እኩሌታውን «ለጋጋሪዋ» ብለን ለይተን እናስቀምጥ። መጠኑ አነስተኛ ነው፤ ስሙ ግን መዝገባችን ላይ ይኖራል። የምትስማሙ እስከ ጳጉሜን መጀመሪያ ድረስ ለጸሐፊያችን ስማችሁን ስጡ። የምትሄዱበትን ቀንም አብራችሁ ንገሯት፤ ተራው የሚደለደለው በዚያ ነው።

መልካም አዲስ ዓመት፣ መልካም የመስቀል በዓል ለሁላችንም ይሁንልን።