ስለ ስፓምና ስለ በር ጠባቂዎቹ
በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን የተደረገ ንግግር



ዛሬ ለመናገር የተነሣሁት ማንም ሳይጠይቀው በኢሜል እየጎረፈ ስለሚመጣው የማስታወቂያና የማታለያ ደብዳቤ፣ ማለት ስለ «ስፓም» ነው። ይህ የከተማ ሰው ጣጣ ነው የምትሉ ብትኖሩ ጥቂት ታገሡኝ። ታላላቆቻችን በየዓመቱ በተስፋ ሲሞሉት የኖሩት ዲቪ እንኳ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለበት።

በሚያዝያ ወር 1986 ዓ.ም. ሁለት የአሜሪካ ጠበቆች በክፍያ ወደ ዲቪ ዕጣ እናስገባለን የሚል ማስታወቂያ በሺሕ በሚቆጠሩ የኢንተርኔት መወያያዎች ላይ በተኑ። ነገሩ በኢሜል ባይሆንም ስፓም የሚለው ስም በሰፊው የታወቀው በዚያ ጊዜ ነው። ከየአገሩ የጎረፈው የቁጣ ደብዳቤ ኢንተርኔት ያቀረበላቸውን ድርጅት ኮምፒውተሮች ደጋግሞ ከሥራ አስወጣ፤ ድርጅቱም ደንበኝነታቸውን ሰረዘ። ያጠፉት ሁለት ሲሆኑ የተጎዱት መስመሩን የተጋሩት ሁሉ ነበሩ።

ዛሬም ችግሩ ይኸው ነው። ደብዳቤ የሚልክ ኮምፒውተር ሁሉ የአድራሻ ቁጥር አለው። እንደ ስፓምሃውስ ያሉ ድርጅቶች ስፓም የወጣባቸውን ቁጥሮች መዝግበው ያሳውቃሉ፤ ተቀባዮችም ከዚያ ቁጥር የመጣውን ሁሉ ከበር ይመልሳሉ። ነገር ግን ድረ ገጽና ኢሜል የሚያከራይ ድርጅት አንዱን ቁጥር ለብዙ ደንበኞች ያካፍላል። በእኛ በእንጭኒ ወተት የሚሸጥ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። ውኃ የተጨመረበት የአንድ ቤት ወተት ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ ገዢው የሚመልሰው ዕቃውን በሙሉ ነው። ስለዚህ ብልህ ሰብሳቢ ከመቀላቀሉ በፊት የእያንዳንዱን ቤት ወተት ይመረምራል።

ብዙዎች ደብዳቤያቸው ሲመለስ መዝጋቢውን ይረግማሉ። እኔ ግን የሚበልጠው ዕዳ የአከራዩ ነው እላለሁ። ኪራዩን እየተቀበለ አቤቱታውን የማያነብ አከራይ ንጹሑን ነጋዴ ከአታላዩ ጋር ያስቀጣል። በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15 ተቀባዩ ያልፈቀደውን የማስታወቂያ ኢሜል ማሰራጨት ይከለክላል፤ ሆኖም ነገሩ ከዳኛ ፊት ከመድረሱ በፊት መስመሩን መዝጋት የሚችለው አከራዩ ነው። ጎግልም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቀን 5,000 ያህል ደብዳቤ ወደ ጂሜል የሚልክ ሁሉ ማንነቱን የሚያረጋግጥ ፊርማ እንዲያኖር፣ ስፓም ነው ተብሎ የሚከሰስበትም ደብዳቤ ከ1,000 ሦስት እንዳይሞላ አዝዟል።

ማጣሪያው ግን ይሳሳታል። ለነፃ ትምህርት ዕድል ያመለከታችሁ የ12ኛ ክፍል ጓደኞቼ፣ የምትጠብቁት መልስ በስፓም ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ይሆናል። «ዲቪ ደርሶሃል፣ ገንዘብ ላክ» የሚለውን እዚያው ተዉት። ሌላውን ግን በየሳምንቱ ፈትሹ፤ ጂሜል በዚያ ሣጥን 30 ቀን የሞላውን ደብዳቤ ራሱ ያጠፋዋል።