ከእርዳታ ስንዴዬ ፊጥራ አወጣለሁ ወይ?

(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርዕሳችን በእርዳታ እህል ስለሚተዳደር ቤት ነው። መነሻ የሆኑንም ወደ እኛ የመጡ ሦስት ጥያቄዎች ናቸው።

የመጀመሪያውን ያቀረቡልን ከቃሉ ወረዳ ወደ ኮምቦልቻ የመጡ አንዲት እናት ናቸው። የረመዳን መጨረሻ ነበር። በሻርፓቸው ጫፍ ስንዴ ቋጥረው መስጂዱ ደጃፍ ቆሙና፣ «ሼኻችን፣ ይህ የሴፍቲኔት ስንዴ ነው። የተሰጠኝን መልሼ ፊጥራ ባወጣው ይቆጠርልኛል ወይ?» አሉን።

በአገራችን በወሎ የሻፊዒይም የሐነፊይም መዝሀብ ሲቀራ ኖሯል። በሻፊዒይ መዝሀብ ለዒድ ቀንና ሌሊት ከራሱና ከቤተሰቡ ቀለብ የተረፈው ሰው ፊጥራ ያወጣል። በሐነፊይ መዝሀብ ግን ግዴታው ኒሳብ በሞላ ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ለእኒህ እናት፣ «የዒዱ ቀለብ ተርፎዎት ካመጡት ይቆጠርልዎታል፤ ካልተረፈዎት ደግሞ ግዴታ የለብዎትም፤ ስንዴው ግን የእርስዎ ነው» አልናቸው።

ስንዴው የእርሳቸው ነው ያልነው እንዲያው ለማጽናናት አይደለም። ሴፍቲኔት የሚባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሥርዓቱ ግልጽ ነበር። ጉልበት ያለው ቤተሰብ በአንድ ሰው በወር 5 ቀን እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠግናል፣ ችግኝ ይተክላል። ለአንዱ ቀን ሥራ ያኔ 3 ኪሎ እህል ወይም 6 ብር ይታሰብለት ነበር። አረጋዊው፣ አካል ጉዳተኛውና ጉልበት የሌለው ቤት ደግሞ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። እንግዲህ አንዱ የላቡን ዋጋ፣ ሌላው የተመደበለትን ድርሻ ይቀበላል። ይህንን የሚያቀል፣ «ተረጂ» ብሎ በልጆቹ ፊት የሚያሸማቅቅ ሰው ምላሱን ይጠብቅ።

አሁን ሂሳቡን አብረን እንሥራ። 3 ኪሎ በ5 ቀን 15 ኪሎ ነው። ይህ ለአንድ ሰው የአንድ ወር ቀለብ ነው፤ ለቀን ሲካፈል ግማሽ ኪሎ ጥሬ እህል ይሆናል። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት 75 ኪሎ ይደርሰዋል። ከዚህ ላይ የወፍጮ አለ፣ ጨውና ዘይት አለ፣ ሳሙና አለ፣ የልጆች ደብተር አለ። ለሚሠራው ቤተሰብ ክፍያው የሚታሰበው ለዓመቱ ሳይሆን ለስድስት ወር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከጥር እስከ ሰኔ። ያ ቤት ሐምሌና ነሐሴን፣ ጎተራው ባዶ የሚሆንበትን ክረምት፣ በምን እንደሚያልፈው እስቲ አስቡት።

በገንዘብ የሚቀበለውም የራሱ ፈተና አለው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲንር የቀኑ ሂሳብ ከ6 ወደ 8 ብር ቢያድግም ያው ብር ያንኑ እህል አልገዛ አለ፤ ብዙ ቤተሰብም «ብሩን ትታችሁ እህሉን ስጡን» እስከ ማለት ደረሰ።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ «የእርዳታ እህል መሸጥ ሐራም ነውን?» የሚል ነው። በእጁ የገባ ንብረቱ ነውና ለወፍጮና ለዘይት ጥቂቱን ቢሸጥ አንከለክለውም። አደራ የምንለው ሕፃናትን ነው። ስንዴው ሁሉ ቂጣ ብቻ ከሚሆን፣ የተሰጠ ክክ ወይም ትንሽ ባቄላና ሽምብራ ሲገኝ ቆልቶ አብሮ ማስፈጨት ለልጅ ገንፎ የተሻለ ነው። አባወራዎችም ልብ በሉ፤ እናት ሁልጊዜ ከሁሉ በኋላ የተረፈውን የምትበላ ከሆነ፣ በሆዷ ያለውና የምታጠባውም ልጅ አብሯት ይራባል።

ከሻጩ ይልቅ ጥያቄው የሚከብደው በገዢው ላይ ነው። እህል በሚታደልበት ቀን ጆንያ ይዞ ከመጋዘኑ በር የሚቆም፣ የባላገሩን ችግር አይቶ ግማሽ ዋጋ የሚጠራ ነጋዴ አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነጋዴው ከገበያ ውጭ ወጥቶ የገበያውን ዋጋ ያላወቀውን ባለእህል መንገድ ላይ እንዳይጠብቅ ከልክለዋል። ወንድማችን ነጋዴ፣ ግዛ፤ ነገር ግን በገበያው ዋጋ ግዛ። በረካው ከዚያ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ከአንድ ባለሱቅ የመጣ ነው። «ስሜ መዝገብ ላይ ወጥቶልኛል፤ ሌላው ሁሉ ሲወስድ እኔ ብወስድ ምን አለበት?» አለን። መልሳችን አጭር ነው። መዝገቡ ኮታ አለው። ያልተቸገረ አንድ ስም ሲገባ የተቸገረ አንድ ስም ይወጣል። የኮሚቴ አባል የሆናችሁም ዘመድን አስገብቶ ባልቴቲቱን ማስቀረት የቂያማ ቀን የሚያስጠይቅ አማና ነው። ያለ አግባብ የቀረ ሰው ደግሞ የቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለለትና አይፈር፤ ይጠይቅ።

አማና ሲጎድል ማን እንደሚራብ በዓይናችን አይተናል። በኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ የኮምቦልቻ መጋዘን እህል ተዘረፈና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በደሴና በኮምቦልቻ ስርጭቱን አቆመ። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ደግሞ እህሉ ከተረጂው እጅ ይልቅ ወደ ሌላ እየሄደ ነው ተብሎ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ በመላ አገሪቱ እርዳታ አቋረጡ፤ ለተቸገረው ሕዝብ ዳግም የተጀመረው ከወራት በኋላ በ2016 ዓ.ም. ነው። የሰረቀው ሌላ ነበር፤ ጦሙን ያደረው ግን ያልሰረቀው ነው። ዩኤስኤአይዲ ራሱም በ2017 ዓ.ም. ፈርሷል። የሰው አገር መጋዘን ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል።

ታዲያ የእኛስ? የ1966ቱን ረሃብና የ77ቱን ድርቅ ያዩ አባቶችና እናቶች በየቤታችን አሉ። የ1991ዱ የበልግ መክሸፍ ደጋውን እንዴት እንዳራቆተው ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) በጥጋቡ ዘመን ለረሃቡ ዘመን እህል አከማችተዋል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ በደረሰው ረሃብ ሕዝቡ እስኪያገግም ድረስ ቅቤና ሥጋ ለራሳቸው ከልክለዋል።

እኛም አቅማችን የሚፈቅደውን እናድርግ። አንድ ሷዕ ፊጥራ በግምት ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ነው። አምስት ሰው ያለበት የከተማ ቤት የሚያወጣው ፊጥራ 15 ኪሎ ያህል ይደርሳል፤ ይህም ቅድም ያሰብነው የአንድ ሰው የወር ቀለብ መሆኑ ነው። ነገር ግን ፊጥራ በዓመት አንድ ቀን ናት፤ ክረምቱ ረጅም ነው። ዘካ የደረሰበት አርሶ አደር በዝናብ ካበቀለው አንድ አሥረኛውን፣ ደክሞ በመስኖ ካጠጣው አንድ ሃያኛውን በወቅቱ ለባለመብቱ ያድርስ። ከዘካው ውጭ ደግሞ እያንዳንዱ ቅሬ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ እህል በሚረክስበት ወቅት፣ ከየቤቱ አንዳንድ ጣሳ ሰደቃ ሰብስቦ ለሐምሌ ቢያስቀምጥ ምን ይከብደዋል? ለቀብር የምንሰባሰብ ሰዎች ሰው ሳይሞት ብንሰባሰብ አይሻልምን? ማን ጭስ እንዳላጨሰ የሚያውቀው ጎረቤት ነው። ሲሰጥም በምሽት፣ ስም ሳይጠራ፣ ፎቶ ሳይነሳ ይሁን።

በመጨረሻ ወደ እኒያ እናት እንመለስ። የቋጠሩትን ስንዴ ተቀበልናቸው። በዚያው ምሽት ከተሰበሰበው ፊጥራ ላይ የእርሳቸውን ድርሻ ስንሰጣቸው አልተግደረደሩም፤ የሚሰጥ ሰው በተራው መቀበልም ይችላልና። «አልሐምዱሊላህ፣ ዘንድሮም ሰጥቼ አለፍኩ» ብለው መርቀውን ሄዱ። ከቅምሻቸው ላይ የቀነሱት እኒህ እናት ካፈሩን እኛ ጎተራችን የሞላው ምን እንል ይሆን?

አላህ የተራበውን ያጥግብልን፣ የተደበቀውን ችግረኛ ያሳየን፣ በአደራ የሰጠንን በሐቅ የምናደርስ ያድርገን። አሚን።