ስም መዝጋቢው ልጅ
(በአንድ የወላጆችና የመምህራን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ጉልበተኛ ልጆች እንድናገር ስትጋብዙኝ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ፤ እኔ ራሴ አንዱ ነበርኩ። ቡጢ እንኳ ሰንዝሬ አላውቅም። አራተኛ ክፍል ሳለሁ የክፍል አለቃ ነበርኩ። መምህሩ ሲወጣ "የሚረብሹ" ብዬ ስም እመዘግባለሁ፤ ሲመለስ የተመዘገበው በአለንጋ ይገረፋል። ታዲያ ስሙ እንዲሰረዝለት የፈለገ ዳቦውን ያካፍለኛል። አንድ ዝምተኛ ልጅ ግን ዳቦ ይዞ አይመጣም ነበር። ባይረብሽም በየቀኑ መዘገብኩት። ቀስ እያለ ሌላውም ይኮረኩመው፣ ቅጽል ስም ያወጣለት ጀመር። ሁለተኛው መንፈቅ ሳያልቅ ትምህርቱን ተወ። ዝርዝር የያዘ ሰው ጡንቻ አያስፈልገውም፤ ይህን ለፖለቲከኞቹ ልተወውና ወደ ልጆቹ ልመለስ።

ኖርዌይ ውስጥ ይሠራ የነበረው ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዳን ኦልቬውስ ጉዳዩን ለረጅም ዓመታት አጥንቷል። ሁለት እኩዮች ቢደባደቡ ጉልበተኝነት አይባልም ይላል። ሆን ተብሎ፣ በተደጋጋሚ፣ ራሱን መከላከል በሚያቅተው ልጅ ላይ ሲፈጸም ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ በሰሜን ኖርዌይ ሦስት ወንዶች ልጆች ሕይወታቸውን አጠፉ። ምክንያቱ የእኩዮቻቸው ጥቃት ሳይሆን አይቀርም ተባለ። በዓመቱ መንግሥት አገር አቀፍ ዘመቻ ከፈተ፤ በርገን ውስጥ በተጠኑት 42 ትምህርት ቤቶች ጥቃቱ በሁለት ዓመት ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። ምን ቢያደርጉ ነው? አለንጋ አላነሱም። በእረፍት ሰዓት አዋቂ ግቢው ውስጥ ይቆማል፣ ክፍሉ ደንብ ያወጣል፣ ወላጅ ተጠርቶ ይነጋገራል። በቃ ይኸው ነው።

እኛስ? "ተመትተህ ብትመጣ እኔም እደግምልሃለሁ!" የማንል ስንቶቻችን ነን? አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1961 በስታንፎርድ 72 ሕፃናትን ፈትኖ ነበር። አዋቂ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩት፣ ተራቸው ሲደርስ በዚያው በመዶሻው፣ በዚያው በስድቡ ደገሙት። የኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ ናቸው ካለ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዘመን ሆነው! እኔን ያስተማረኝ ግን አለንጋው ነበር፤ እኔ የጻፍኩትን ስም መምህሩ አንድም ቀን "እውነት ረብሿል ወይ?" ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

ስለዚህ መምህራን፣ ሰኞ ጠዋት ያንን ወረቀት ከክፍል አለቃው እጅ ተቀበሉት። ከዚያም በየቀኑ የሚደጋገመውን ስም ፈልጉ።