ቀልደኛው ኮሉሽና የተራቡት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ቀልደኛን ስንሰማ እንሥቃለን፤ ሥቀን ስናበቃ ግን እንንቀዋለን። «ከቀልደኛ አፍ ምን ቁም ነገር ይወጣል?» እንላለን። ስለ አንድ ፈረንሳዊ ቀልደኛ ልነግራችሁ የተነሣሁት ይህ ፍርዳችን ትክክል መኾን አለመኾኑን አብረን እንድንመረምረው ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ኮሉሽ በሚል ስም የታወቀው ሚሸል ኮሉቺ በ1944 በፓሪስ ተወለደ። አባቱ ከኢጣልያ የመጣ ቤት ቀቢ ነበር፤ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ስለ ሞተ እናቱ በችግር አሳደገችው። ትምህርቱን በጊዜ ትቶ ልዩ ልዩ ሥራ ሞከረ። በ1969 ከጓደኞቹ ጋር «ካፌ ደ ላ ጋር» የሚባለውን ትንሽ ቴአትር ቤት አቋቋመ። ከ1974 ጀምሮ ባለ መስመር ቱታ ለብሶ ብቻውን መድረክ ላይ እየቆመ ዘረኛውን፥ ጉረኛውንና ሹመኛውን በሣቅ ይገርፍ ጀመር። በ1976 ከታላቁ ቀልደኛ ከሉዊ ደ ፉኔስ ጋር በሲኒማ ተጫወተ።

በ1980 ለፕሬዚዳንትነት እወዳደራለሁ ብሎ ተነሣ። አገሩ እንደ ቀልድ ቈጠረው፤ ነገር ግን በሕዝብ አስተያየት ምርመራ እስከ 16 በመቶ ደጋፊ ሲገኝለት የሣቁት ኹሉ ደነገጡ። በ1981 ራሱን ከውድድሩ አገለለ። በ1983 «ቻኦ ፓንተን» በተባለው ፊልም ልጁን ያጣ የቤንዚን ማደያ የሌሊት ሠራተኛ ኾኖ ያለ አንዳች ቀልድ ተጫወተ፤ በማግስቱ ዓመት የሴዛርን የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ተቀበለ።

በ1985 የጸደይ ወራት የፈረንሳይ ዘፋኞች በረኖ መሪነት ለአገራችን ረኃብተኞች መርጃ የሚኾን ዘፈን አወጡ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ኮሉሽ ስለ ራሱ አገር ረኃብተኞች ተናገረ። በየቀኑ በሚቀልድበት በ«ኧሮፕ 1» ራዲዮ፥ ጐተራው ሞልቶ የተረፈ እኽል ባለበት አገር ድኻ ጦሙን ማደር የለበትም ሲል ነጻ ምግብ ቤት እንዲከፈት ጥሪ አደረገ። በብርዱ ወራት «የልብ ምግብ ቤቶች» ተከፈቱ፤ በዚያ አንድ ወቅት ብቻ 8 ሚሊዮን ተኩል ያኽል ማዕድ ታደለ። በጃንዋሪ 1986 ራሱ የቴሌቪዥን ልዩ ፕሮግራም መርቶ ገንዘብ አሰባሰበ። በጁን 19 ቀን 1986 ግን በሞተር ብስክሌት ሲጓዝ ከካሚዮን ጋር ተጋጭቶ በ41 ዓመቱ ሞተ። በ1988 ለችግረኞች ለሚሰጡ ሰዎች ግብር የሚያቃልል ሕግ ወጣ፤ ሕዝቡም «የኮሉሽ ሕግ» አለው።

ጓደኞቼ! ምግብ ቤቶቹ እስከ ዛሬ አልተዘጉም። ከ2023 እስከ 2024 ባለው ዓመት ያደሉት ማዕድ ከ150 ሚሊዮን ይበልጣል። ይህ ቍጥር ያስደስታል ወይስ ያሳዝናል? እኔ ኹለቱንም ነው እላለሁ። የተራበው በመብላቱ ደስ ይላል፤ በሀብታም አገር ተራቢው ይህን ያኽል መብዛቱ ግን ያሳፍራል። አንድ ቀልደኛ እንጀራ ሊያድል ይችላል፤ እንጀራ የጠፋበትን ምክንያት ማስወገድ ግን የቀልደኛ ብቻ ሥራ አይደለም፤ የተማረውም ሰው ሥራ ነው።

እንግዲህ ቀልደኛን ከመናቃችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ። እርሱ በቀልዱ ብዙ ሺሕ ሰው አብልቷል። እኛስ በቁም ነገራችን ማንን አበላን?